ፎዚያ ወተት ውስጥ ያየችው ትል

«አንቺ ልጅ፣ ማይክሮስኮፕ ሲመጣልን መጀመሪያ የምታዪበት አንቺ ነሽ» ይሉኝ ነበር የባዮሎጂ አስተማሪዬ። ማይክሮስኮፑ ሳይመጣ እኔ ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጬ ተዳርኩ።

አምና ጎረቤቴ ፎዚያ ከጅግጅጋ አሮጌ ዕቃ ተራ ማይክሮስኮፕ ለልጆቿ ገዛች። ቅናት አንጀቴን አሳረረው። ይባስ ብላ አክስት ለማለት ኤዶ በምንላት ወተት ሻጭ በሐሊማ የግመል ወተት ውስጥ ትል አየሁ ብላ ሰፈሩን አስፈራራች። የሐሊማ ጀሪካን እንደሞላ ይመለስ ጀመር።

«ነይ እዪ እህቴ፣ ባይገባሽም» አለችኝ ፎዚያ።

አጎንብሼ አየሁ። እውነትም ረጃጅም ጥቁር ነገሮች ተደርድረዋል። ዓይኔን ሳርገበግብ እነሱም ተርገበገቡ። ለካ የራሴ ሽፋሽፍት ነው!

«አየሽ አይደል?»

«አየሁ» አልኳት፤ ሽፋሽፍት መሆኑን ግን ደበቅኳት። አንድ እንኳ እሷ የማታውቀው ነገር ይኑረኝ ብዬ ነው።

ከዚያ በቀጥታ ኤዶ ሐሊማ ጋ ሄጄ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እያየኝ፣ አንድ ኩባያ ወተት ጭልጥ አደረግሁ።