ከእንጦጦ ጀርባ፣ ቦረቦሩ ዳር

ንጋት 12 ሰዓት፣ ቀጨኔ

ጥቅምት ነው፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ከቤት ስወጣ የእናቴ መደብ ባዶ ነበር። ቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን ልትሳለም ሄዳ ይሆናል ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ ቁልቁለቱን ያዝኩ።

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ከእርሻ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የአፈር ጥናት ባለሙያ ነበርኩ። የመስክ ደብተሬ ዛሬም ስላለ የዚያን ቀን ጉዞ በሰዓት በሰዓቱ አገኘዋለሁ። በዚህ ጋዜጣ ስለ አፈር ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ፤ ያቺን ቀን ግን ሁልጊዜ ዘልያታለሁ።

በጠባቡ መንገድ ግራና ቀኝ ያልተጠበሱ ማሰሮዎች፣ ድስቶች፣ አፋቸውን የደፉ እንስራዎች ተደርድረዋል። የመሥሪያ ቤቱ መኪና እስከ ሰፈራችን አፍ መምጣት ይችል ነበር። እኔ ግን ለመሥሪያ ቤት ሰዎች የምኖረው ዊንጌት ነው ብያቸዋለሁ። ቀጨኔ ካልኩ «የማን ልጅ ነህ?» ይከተላል። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። አሳድጋ ያስተማረችኝ በዚያው በጭቃዋ ነው። ሸክላ ሠሪ ዓይኑ ሰው ይበላል የሚል ሰው ደግሞ በየቢሮው ሞልቷል፤ አዋጁ ሁሉም እኩል ነው ቢልም። ስለዚህ መስክ በምወጣበት ቀን ሁሉ ዊንጌት ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ ጫማዬን ጠርጌ፣ የዚያ ሰፈር ሰው መስዬ እቆማለሁ።

1 ሰዓት ተኩል፣ ዊንጌት

ተማሪዎች ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ይሮጣሉ። ከአንዲት ሱቅ ዳቦና ሻይ ወሰድኩ፤ ሻዩ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ስኳሩ በቁጠባ። ላንድሮቨሩ መጣ። ሾፌራችን ጋሽ ታደሰ ነው፤ ወሬኛ፣ ለሰው የሚያዝን ሰው። ከጎኑ የቡድናችን ኃላፊ አቶ መኮንን ተቀምጠዋል። ሥራዬን በትዕግሥት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን ቀድሜ የምናገረው የሚከተለውን በእሳቸው ላይ እንዳላሳብብ ነው።

3 ሰዓት፣ ኬላው

ከአዲሱ ገበያ በላይ መንገዱ በባሕር ዛፍ መሀል ይጠማዘዛል። የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፤ ከሸክሙ በታች የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው። ኬላው ላይ ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ ደብዳቤያችንን ገልብጦ አየ። ምን ፍለጋ እንደምንሄድ ጠየቀን። አቶ መኮንን አፈር አሉት። «አፈር እዚህ የለም እንዴ?» አለና ገመዱን አወረደልን።

4 ሰዓት፣ ከእንጦጦ ጀርባ

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀን፤ ፊቱን ፀሐይ ያከሰለው ጎልማሳ ነው። ችግሩን እየሄድን ነገረን። ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር ማሳቸውን ለሁለት ከፍሎታል፤ በየክረምቱ እየሰፋ የገብስ መሬታቸውን ይዞ ይወርዳል። ዘንድሮ የሦስት ቤተሰብ ማሳ ሄዷል።

የአፈር መሰርሰሪያውን አዙሬ አስገባሁ። ላዩ ስንዝር የማይሞላ ጥቁር፣ ልል፣ የሥር ክር የበዛበት አፈር ነው። እህል የሚያበቅለው ይኸው ስንዝር ነው፤ ከሥሩ ያለው ቀይ አፈር ብቻውን ገብስ አይሸከምም። ወደ ታች ሜዳው ሲወርዱ ደግሞ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት እግር የሚይዝ ዋልካ አለ። ከቀዩ ቆንጥሬ በውሃ አርሼ በሁለት ጣቶቼ መሀል ገፋሁት። ሳይበጠስ እንደ ሪባን ረዝሞ ወጣ። ሸክላው የበዛ አፈር እንዲህ ነው።

አቶ መኮንን ሳቅ ብለው ጣቴ ከላቦራቶሪው እንደሚቀድም ተናገሩ፤ ማን እንዳስተማረኝም ጠየቁኝ። ትምህርት ቤት ነው አልኳቸው። ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ፊደል ሳልቆጥር በፊት የትኛው አፈር እሳት ላይ እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው እንደሚጸና፣ ዓይኔን አስጨፍና በጣቴ ታስለየኝ ነበር።

6 ሰዓት፣ ቦረቦሩ ዳር

ቦረቦሩ የቆመ ሰው ይውጣል። ጠርዙን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። የሚጀምረው ከመኪናው መንገድ ሥር ነው፤ ውሃ ማሳለፊያው ቱቦ አፉን ማሳው ላይ ከፍቶ ተትቷል። ከመንገዱ ሁሉ የተሰበሰበ ጎርፍ እዚያ ላይ ይወድቃል። ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ከቱቦው ስድሳ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ፣ ከቦረቦሩ ጎን፣ የሸክላ አፈር የሚወጣባቸው ጉድጓዶች አሉ። አምስት ሴቶች ይቆፍራሉ።

«እነዚህ ናቸው» አለ ሊቀመንበሩ። «የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች። ምድሩን ፈልፍለው ጨረሱት።»

ጋሽ ታደሰ ለምሳ የዘረጋውን ዳቦና ቆርቆሮ ሥጋ በፍጥነት ሸፍኖ ወደ መኪናው መለሰው። የሴቶቹ ዓይን ጥሩ ስላልሆነ ውስጥ ሆነን ብንበላ ይሻላል አለ፤ ለእኛ አስቦ ነው። እኔም ገብቼ በላሁ። በመስኮቱ በኩል ሴቶቹን ስመለከት ከመሀላቸው አንዷ ቀና አለች። እናቴ ነበረች።

አቶ መኮንን ከምሳ በኋላ የቱቦውን አቅጣጫ አንድ ጊዜ ብቻ አዩት። መንገዱ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ስለ እሱ ከተጻፈ ደብዳቤው ዓመት ይዞራል አሉ። ቁፋሮውን ማስቆም ግን ዛሬውኑ ይቻላል። ወርጄ ለሴቶቹ እንድነግራቸው አዘዙኝ።

ወረድኩ። ከሴቶቹ አንዷ ከቤታችን ሁለት በር ዝቅ ብላ የምትኖረው ሙሉ ናት። ስሜን ልትጠራ አፏን ከፈተች። እናቴ ክንዷን ያዘቻት።

እናቴን ቤት ውስጥ የምጠራት እቴቴ እያልኩ ነው። በዚያች ሰዓት ከአፌ የወጣው ግን መንግሥት የላከው ሰው ለማንኛዋም አሮጊት የሚለው ቃል ነው።

«እናቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ መቆፈር ክልክል ነው።»

ዶማዋን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ቁጣ አላየሁም፤ ማን እንደሆንኩ ማወቅ ያቃታት ትመስል ነበር።

«እሺ ጌታዬ» አለችኝ። «የቆፈርነውን እንውሰደው ወይስ እንተወው?»

ጌታዬ! ወደ አቶ መኮንን ዞሬ አየሁ፤ ከላይ ሆነው በእጃቸው እንዲተዉት አመለከቱኝ። «ይተዉት» አልኩ። አምስቱም ጆንያቸውን አንድ በአንድ ዘረገፉ። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትንሽ ቀረብ አለችኝ፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

«ውሃው የሚመጣው ከዚያ ከመንገዱ ነው። ጉድጓዱ ከቦረቦሩ መነሻ በታች ነው ያለው። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ለኃላፊዎ ይንገሩልን።»

ዳገቱን ተመልሼ ወጣሁ። አቶ መኮንን ሴትየዋ ምን እንዳለችኝ ጠየቁኝ።

«ምንም» አልኳቸው።

9 ሰዓት፣ መልስ

ቃለ ጉባኤው የተጻፈው በመኪናው ኮፈን ላይ ነው። የቦረቦሩ መንስኤ የሸክላ አፈር ቁፋሮ፣ መፍትሔው ቁፋሮውን መከልከልና እርከን መሥራት። አቶ መኮንን ፈረሙ፣ ሊቀመንበሩ ፈረመ፣ እኔም በባለሙያው ቦታ ላይ ፈረምኩ። እጄ ላይ የቀረው ቀይ አፈር ወረቀቱን ስለነካው አቶ መኮንን በመሀረባቸው ጠረጉልኝ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ አምስት ሴቶች ባዶ ጆንያ ትከሻቸው ላይ ጥለው በመንገዱ ዳር ሲሄዱ ደረስንባቸው። ጋሽ ታደሰ አቧራ እንዳይበዛባቸው ፍጥነቱን ቀነሰ። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ፤ አልተፈታም ነበር።

12 ሰዓት፣ ቀጨኔ

ዊንጌት አወረዱኝ። በአቋራጭ መሄድ ስችል የዙሪያውን መንገድ መረጥኩ፤ ቤት መድረስ ፈርቼ ነው። ስገባ እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እግሯን ትታጠባለች። ሙሉ ከደጇ ሆና አየችኝና ወደ ውስጥ ገባች።

አጠገቧ ቆሜ ብዙ ነገር ተናገርኩ። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ እንደፈራሁ፣ ሰው እንዴት እንደሚያወራ፣ እሷም እንደምታውቀው። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፦

«የውሃውን ነገር ነገርካቸው?» አለችኝ።

«አልነገርኳቸውም።»

ውሃውን ደፋችና እግሯን አደረቀች።

«እኔን አላወቅኸኝም፤ ይሁን። አፈሩን ግን ታውቀው ነበር።»

ይህን ብላ ገባች። ራቴንም እንደ ወትሮው አቀረበችልኝ።

በማግስቱ አቶ መኮንን ቢሮ ገብቼ ስለ ቱቦው ነገርኳቸው፤ ሴትየዋ ማን እንደሆነችም ጭምር። የተናገሩት ስለ እናቴ ሳይሆን ስለ ፊርማዬ ነበር፤ ያላመንኩበት ወረቀት ላይ ለምን እንደፈረምኩ ጠየቁኝ። ለመንገዱ መሥሪያ ቤት ራሳቸው ጻፉ። በሚቀጥለው በጋ ቱቦው ሥር ጎርፉን የሚገታ የድንጋይ ክትር ተሠራ፤ ቦረቦሩም መስፋቱን አቆመ። ክልከላው ግን ለማኅበሩ አንዴ ተላልፎ ስለነበር የሚያነሳው አልተገኘም።

እናቴና ጓደኞቿ ሌላ ቦታ አገኙ፤ ከበፊተኛው የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቃል። አፈሩ ጠጠር ይበዛበታል። ከአምስት ማሰሮ ሁለቱ እሳት ላይ ይሰነጠቁባት ጀመር። አንድ ቀን ስብርባሪውን እያሳየችኝ፣ ሄጄ አፈሩን በጣቴ እንድፈትንላት፣ ከምን ጋር ቢደባለቅ እንደሚጸና እንድነግራት ጠየቀችኝ። በሕይወቷ ስለ ሙያዋ ምክር ስትጠይቀኝ ያ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

እሑድ እንሄዳለን አልኳት። በዚያ እሑድ ስብሰባ ነበረብኝ፤ በሚቀጥለውም ሌላ ነገር። ብዙ እሑድ አለፈ። ከዚያ ጉልበቷ አልሄድ አላት፤ ሸክላውንም ተወችው። ያንን ቦታ እስከ ዛሬ አላየሁትም።