ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ የቀረው አሸዋዬ

ይህ የሆነው አምና ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ለቡ መብራት ኃይል ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ነው። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም።

የሥነ ምድር ተማሪ ነኝ፤ መመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው ወንዝ በሚያመጣው አሸዋ ላይ ነው። አሸዋ በሳፋ ሲታጠብ ቀላሉ ይሄዳል፣ ጥቁርና ቀይ የሆነው ከባዱ ቅንጣት ከታች ይቀራል። ሥራዬ ያ ቅንጣት ከየትኛው አለት ተፈርፍሮ እንደመጣ መለየት ነው። ለዚህ ደግሞ እያንዳንዱ አሸዋ የተነሳበት ቦታ መታወቅ አለበት። የወንዙን ሽታ ችዬ ከመካኒሳ አቦ እስከ ሀና ማርያም ተንከራትቼ ሃያ አንድ ፌስታል ሞላሁ፤ በየፌስታሉም የቦታውን ስም ጻፍኩበት። ክረምት ከገባ ጎርፉ ሁሉን ነገር ስለሚለውጠው ቸኩዬ ነበር። ክፍሌ ጠባብ ስለሆነች ፌስታሎቹን ግቢው ጥግ ደረደርኳቸው።

አከራያችን እትዬ አስካለ ከዚያ በፊት ተከራዮቹን ሰብስበው የጋራ ሽንት ቤታችን ግድግዳ መርገፉን ነግረውን ነበር። ሁላችንም የአቅማችንን እንተባበራለን አልን። እኔም አብሬ ራሴን ነቅንቄያለሁ።

ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባዶ ፌስታሎቼን ንፋስ ያንከባልላቸዋል። ግንበኛው ልስኑን ጨርሶ እጁን ይታጠባል። ደሜ ፈላ። አፌን ሳልከፍት እትዬ አስካለ በተከራዩ ሁሉ ፊት እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁኝ ጀመር።

«ሌላው በአፉ ሲያዋጣ አንቺ ተሸክመሽ አመጣሽ። ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ፣ ልጄ።»

ፌስታሉ ላይ የተጻፈውን አላዩትም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አየሁት እንጂ፣ ያመጣሽበትን ነው የጻፍሽው። አሸዋ ከየትም ይምጣ፣ ዋናው መያዙ ነው» አሉኝ።

እሪ ብዬ ማልቀስ አማረኝ። ግን በሚመርቅ ሰው ላይ እንዴት ይጮሃል? «አሜን» አልኩ። ከሁሉም በላይ የምናደደው በዚያች አሜን ነው።

በሳምንቱ ዝናቡ ገባ፣ ወንዙም ሞላ። ምረቃዬ ለዓመት ተገፋ። አማካሪዬ አሸዋው የት ደረሰ ሲሉኝ ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ነው አልኳቸው። እሳቸው ሳቁ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ጓደኞቼ ባለማወቅ ነው፣ ይቅር በያቸው ይሉኛል። አለማወቃቸው አልጠፋኝም። ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን መታ መታ እያደረጉ «የእሷ ነው» ሲሉ እንደገና እቃጠላለሁ።

ዘንድሮ ሃያ አንዱንም ቦታ እንደ አዲስ ዞርኩ። እትዬ አስካለ ሰሞኑን አጥሩ ዘሟል እያሉ ነው። አሸዋዬን አልጋዬ ሥር ከትቼ በሩን በሁለት ቁልፍ ቆልፌዋለሁ።