ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞርኩ ቀን

ጆሮዬን የበላው የመርከብ ሞተር ነው። የሕክምና ቦርዱ ግን «ይሰማል፣ አስመሳይ ነው» ብሎ የአካል ጉዳት ካሳዬን ከለከለኝ። በደሉ ይኸው ነው፤ አላሳምረውም።

መርከብ ላይ ስቀጠር ፊደል የማልለይ ሰው ነበርኩ። ከሰፈሬ ከቀራንዮ ተነስቼ አሰብ ስወርድ ነው ባሕር የሚባለውን ያየሁት። ግን ከባሕሩ ይልቅ አፌን ያስከፈተኝ ሞተር ክፍሉ ነው። የብረት መሰላል ይዘህ ትወርዳለህ፣ ትወርዳለህ፣ ከታች ቤት የሚያክል ሞተር ቆሞ ያገሳል። ድምፁ በጆሮ ብቻ አይገባም፤ በጥርስም በደረትም ይገባል። እዚያ ሰው ከሰው የሚነጋገረው ከንፈር ተያይቶ ነው። አለቃዬ ከሞተሩ ማዶ ሆኖ «ዘይት ጨምር፣ አንተ ከብት!» ሲለኝ አፉን አይቼ እጨምር ነበር። ስድቡንም አይቼ እመልስለት ነበር።

እያደር ጆሮዬ ሄደ፤ ከመርከብ አወረዱኝ። ቤቴ ስመለስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አያለሁ እንጂ አልሰማም። የመድኃኔ ዓለም ደወል ሲደወል ሰው ሲያማትብ አይቼ ነው የማማትበው። ለካሳው ቦርድ ፊት ቀረብኩ። የጆሮ መመርመሪያው ተበላሽቷል ተባለና ሊቀመንበሩ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ጓድ፣ ትሰማኛለህ?»

«አዎ።»

«ሰፈርህ የት ነው?»

«ቀራንዮ።»

ወደ ሐኪሞቹ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሳቁ። «ጆሮው ከእኔ ይሻላል!» ማለቱን አብራኝ የገባችው ባለቤቴ ውጪ ነገረችኝ። አልዋሸሁም። የሰማሁት መስሎኝ ነበር።

በንዴት መሠረተ ትምህርት ገባሁ። የከለከሉኝበትን ወረቀት ሰው ሳያነብልኝ ራሴ አንብቤ ልሰድባቸው። ያስተማረችን አንዲት ወጣት ናት። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፈች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችን፣ ትጠራኛለች። እኔ ዝም። ከጎኔ የምትቀመጠው ሽንኩርት ነጋዴ በሳቅ ፈረሰች፤ «ተዪው እቴ፣ እሱ ገና መርከቡ ላይ ነው!» ስትል አፏን አየሁት።

አስተማሪዋ አልሳቀችም። መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ጋሼ፣ አሁንስ ይሰሙኛል?»

«ጥርት አድርጌ።»

ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። ድምፅዋ መብራት እንደጠፋ ሁሉ ድርግም አለ። ነጠላዋን አወረደች፤ ድምፅዋ ተመለሰ። ደገመችው። ጠፋ፤ መጣ። ለካ ጆሮዬ ጨርሶ ሞቶ፣ ዓይኔ እኔን ሳያስፈቅድ ሥራውን ተረክቧል! ስንት ዓመት ሙሉ የባለቤቴን ድምፅ እሰማለሁ ስል የኖርኩት፣ ከንፈሯን እያየ ድምፁን የሚሠራልኝ የገዛ ጭንቅላቴ ነው። የዚያን ቀን ቤት ገብቼ አፏን ዝም ብዬ ሳየው ዋልኩ። «ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?» አለችኝ። ድምፅዋ የልጅነቷ ድምፅ ነበር። ሌላውን ከየት ላውቀው?

ይግባኝ አልኩ። ቦርዱ እንደገና ሲጠራኝ ገብቼ ወንበሩን አነሳሁና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ባለቤቴ ኮቴን ጨምድዳ ያዘች፤ «ልታስጨርሰን ነው?» በዚያ ዘመን ለጓድ ሊቀመንበር ጀርባ መስጠት ቀልድ አይደለም። «አሁን ጠይቁኝ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ፊቴ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው፤ ኖራው የተላጠ። ከኋላዬ የሆነውን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ሊቀመንበሩ «ዙር!» ብሎ ጮኸ። ጠረጴዛ ደበደበ። «ዘበኛ ጥሩ!» አለ። እኔ የተላጠውን ኖራ አያለሁ። በመካከል የጣውላው ወለል በእግሬ ሥር ተርገደገደ፤ ልክ እንደ ሞተር ክፍሉ።

«አንድ ነገር ወደቀ» አልኩ። «በእግሬ ነው ያወቅሁት።»

አንዱ ሐኪም ሆን ብሎ የብረት ሳህን ጥሎ ኖሯል። «ይኸው ሰማ!» አለ ሊቀመንበሩ። «ጨርሰናል፣ ተነሱ!» ሁሉም ብድግ አለ። እሷም ብድግ አለች። እኔ ተቀምጫለሁ።

ደርግ ቆሞ ተቀምጦ የሚቀር ጤነኛ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። መነሳታቸውን የማያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሁሉም ቆመው ጀርባዬን ያያሉ። ሳህኑን የጣለው ሐኪም በቀስታ «ጋሼ፣ ተፈቅዶልዎታል፣ ካሳዎን ይውሰዱ» አለ። አልተንቀሳቀስኩም። ያን የመሰለ ቃል ሰምቶ ማን ዝም ይላል?

ባለቤቴ ትከሻዬን ነካችኝ። ዞርኩ። ስንት ፊት እያየኝ አንድም ከንፈር አይንቀሳቀስም። ባሕሩን ያየሁ ዕለት እንኳ እንዲያ ያለ ዝምታ አላየሁም። ሊቀመንበሩ ዓይኑን ሰበረ፤ ይቅርታ ግን አላለኝም። ቢል አየው ነበር።

ሕመሙ ከሥራው የመጣ ነው ብለው ፈረሙ። ወረቀቱን ራሴ አነበብኩት፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ እስከ መጨረሻው መስመር፦ የካቲት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.