ቀድሜ ያልቀመስኩት እንጉዳይ

ሐኪሙ የስኳሬን መጠን አይቶ ነጭ ሩዝ ከለከለኝ። ስለዚህ ትናንት እዚሁ አዳማ ካለ ሱፐርማርኬት ያልተፈተገ ሩዝ ገዛሁ። ከጎኑ በላስቲክ የታሸገ እንጉዳይ ተደርድሮ ነበርና እሱንም ጨመርኩ። ቤት ገብቼ ሽንኩርቱን ሳቁላላ ጫልቱ ትዝ አለችኝ።

ያኔ፣ በወጣትነቴ፣ ከአዳማ ብዙ በማትርቀው ደራ ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ፤ ጫልቱም ባልደረባዬ። ወደ መቂ ዝውውር ጠይቃ ተፈቅዶላት ነበር። እንዳትሄድ ልለምናት፣ እሺ ካለችም ሽማግሌ እንደምልክ ልነግራት ቆርጬ ምሳ ጠራኋት። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር እንጉዳይ ለቀምኩ፤ አከራዬም አይተው «ይበላል» አሉኝ። ሩዙን ሹፌሩ አጎቴ ከፎገራ ያመጣልኝ ነው፣ ቡናማ ልባሱ ያልተነሳለት።

እንደ ነጩ ቶሎ የሚደርስ መስሎኝ ነበር። ውሃ ስጨምር፣ ክዳን ስከፍት፣ ቡታጋዙ ሲያጨስ ሰዓቱ ነጎደ። ጫልቱ በርጩማው ላይ ሆና ትስቃለች።

«ማሎ፣ እባክህ፣ ሩዝ ነው ወይስ ባቄላ የጣድከው?»

እንደ ምንም በሰለ፤ የጠበስኩትን እንጉዳይ ቀላቅዬ ሳህን ላይ አወጣሁት። እኛ ዘንድ ባለቤቱ ሳይቀምስ እንግዳ አይጋበዝም፤ ጠላ እንኳ በመዳፍ ተቀምሶ ነው የሚቀርበው። ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እንጉዳይን ግን «የጅብ ጥላ» እያለች፣ ሰው ይገድላል ብላ ያሳደገችኝም እሷው ናት። ማንኪያው እጄ ላይ ከበደኝ። ፈራሁ። ፍርሃቴን በፍቅር ሸፍኜ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለጫልቱ ዘረጋሁ።

ጎረሰች፣ አላምጣም ዋጠች። እኔ ፊቷን አያለሁ።

«ጣፍጧል» አለች። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «አንተስ?»

«እበላለሁ፣ አንቺ ብዪ።»

ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች። «እያየኸኝ ነው ወይስ የምሆነውን እየጠበቅክ?»

ከዚያ በኋላ ሦስት ማንኪያ አከታትዬ ብጎርስም አልረዳኝም። አመስግናኝ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እንጉዳዩ ደህና ነበር፤ ሁለታችንንም ሆዳችንን እንኳ አልቆረጠንም። በሳምንቱ መቂ ሄደች። እንዳትሄድ ልለምናት አፍ አልነበረኝም።

እስከ ዛሬ አላገባሁም። ሰበቡ ያቺ ምሳ ብቻ ናት ብል እዋሻለሁ፤ ብቸኝነቱ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ትናንት ሩዙን አንድ ሰዓት ያህል ታግሼ ጠበቅኩት። ሲወጣ፣ እንግዳ እንዳለበት ሰው፣ ቀድሜ ቀመስኩ። ጨው አንሶታል። «ደህና ነው፣ ብዪ» የምላት ግን ከፊቴ የለችም።