በአንድ ቀን የተዘራ ችግኝ

ቶሎ እቆጣለሁ። ሰው ሳይቀድመኝ እኔው ልናገረው። ወረታ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬ ወደ ቁሐር ሚካኤል ስመለስ፣ የሰፈራችን አሥር ቤተሰብ የወንፈል አለቃ አድርገው የመረጡኝ ጠባዬን ወደው አይደለም፤ ደብተር ስለምይዝና የማንንም ተራ ስለማልረሳ ነው። ወንፈላችን ዛሬ በአንዱ ማሳ፣ ነገ በሌላው ማሳ እየተጋገዝን በተራ የምንሠራው ነው። ማን እንደሚቀድምና ማን እንደሚከተል በቄሳችን ፊት እጣ ይወጣል፤ እጣው ከወጣ በኋላ የሚከራከር የለም።

እስከዚያ ዓመት ድረስ ሩዙን በትነን ነበር የምንዘራው። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ማረም ነው፤ ወገብ የሚባል ነገር አይተርፍም። የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ መጥቶ፣ ዘሩን በትንሽ መደብ ላይ አብቅላችሁ፣ ሦስት ሳምንት ሲሞላው ነቅላችሁ ማሳው ላይ በመስመር ትከሉት፣ አረሙም ይቀንሳል፣ ምርቱም ይጨምራል አለን። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ከት ብለው ሳቁ። ሩዝ ጎመን ነው እንዴ ተነቅሎ የሚተከል አሉና ሰውን ሁሉ አሳቁት።

እኔ ግን ነገሩ ገባኝ፤ ከገባኝ ደግሞ አላርፍም። ቤት ለቤት ዞሬ ለመንኩ፣ ተከራከርኩ፣ አንዳንዱንም ተቆጣሁ። በመጨረሻ ሁሉም ካለው ሦስትና አራት ጥማድ መሬት አንዱን ጥማድ ለሙከራ ሰጠ፤ የቀረውን እንደ ልማዱ በተነ። እኔም ያን ሁሉ ሰብኬ የሰጠሁት አንድ ጥማድ ነው። ያን ጊዜ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ግን ከነጭራሹ ያላት አንድ ጥማድ ነው፤ እሱም ወንዙ አጠገብ። ሁለት ሴት ልጆች ታሳድጋለች። ያንኑ አንዱን ጥማድ ሰጠች፤ የነበራትንም ዘር ሙልጭ አድርጋ መደቡ ላይ ዘራችው። ባይሆንስ ስላት፣ አንቺ ካልሽው ይሆናል አለችኝ። ካልሆነ ልጆቿን ዓመቱን የምታበላው እንደሌላት እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ጥፋቴ ከዚህ በኋላ ነው የመጣው። ትምህርት ቤት የለመድኩት ሥርዓት ይሁን የአለቃነት ኩራት አላውቅም፣ ሁላችሁም በሰኔ ሚካኤል ማግስት ዝሩ ብዬ አዘዝኩ። አሥሩም ቤት በአንድ ቀን ዘራ። ቄሳችን ዘሩን ባረኩልን፤ እኔም ደስታዬን አልቻልኩትም። ከዚያ እንደ ልማዳችን እጣ አወጣን። አምስተኛው ለሽማግሌው ወጣ፣ የመጨረሻው ለጎረቤቴ። ማንም ልብ አላለም። በአረም ጊዜ የመጨረሻ መሆን ምን ያመጣል? አረሙ ትንሽ ይረዝማል፣ ያው ነው።

ሐምሌ ገባ፤ ችግኙ በአሥሩም መደብ ላይ እኩል ደረሰ። ከሥላሴ ማግስት መትከል ጀመርን። እጃችን አልለመደም፤ ገመድ ወጥረን፣ ተሳስቀን፣ ተሰዳድበን የመጀመሪያውን ማሳ በሦስት ቀን ጨረስን። ከዚያ ሚካኤል መጣ፣ ሰንበት መጣ፣ ገብርኤል መጣ፤ በመሃል ደግሞ ዝናቡ አላስገባ ያለን ቀን ነበር። አራተኛውን ማሳ ስንጀምር ባለሙያው መጣና፣ ይህ ችግኝ ከወር አለፈ እኮ፣ ከዚህ በላይ ካረጀ ቢተከልም አይረባም አለኝ። እንደ ዋዛ ነው የተናገረው።

ቤቴ ገብቼ ደብተሩን አወጣሁ። የቀሩትን ማሳዎች፣ የቀሩትን በዓላት ቆጠርኩ። የጎረቤቴ ተራ የሚደርሰው ነሐሴ ሲጋመስ ነው። ያኔ ችግኟ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ወንዙም ሞልቶ ማሳዋ ላይ ይተኛል። ሁላችንን በአንድ ቀን ባላዘራ ኖሮ፣ እጣው ቀድሞ ወጥቶ ሁሉም በየተራው ቢዘራ ኖሮ፣ የሁሉም ችግኝ ተራው ሲደርስ ይደርስ ነበር። ይህን ለማወቅ አሥረኛ ክፍል አያስፈልግም ነበር።

ታዲያ ተናገርኩ? አልተናገርኩም። ሁለት ቀን እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ዋልኩ። እጃችሁ ነው የሚጎተተው ብዬ ሰውን ሁሉ ዘለፍኩ። የጎረቤቴ ትልቋ ልጅ መስመር ብታጣምም፣ እናትየዋን በሰው ፊት አዋረድኳት። እሷ ቀና ብላ አየችኝና ችግኙን ነቅላ አስተካከለችው። ችግኟን የገደልኩት እኔ፣ የምጮህባት እኔ።

ሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ወንፈላችን በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ሲሰበሰብ ቆሜ ተናገርኩ።

«የዘገያችሁት እናንተ አይደላችሁም። በአንድ ቀን ያዘራኋችሁ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። በዚህ አካሄድ የመጨረሻ ተራ የደረሳት የሷ ማሳ አይደርስም።»

እኔ የጠበቅኩት የሽማግሌውን ሳቅ ነው። ጎመን ነው እንዴ ብለን ነግረንሽ ነበር ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። የሚቀጥለው ተራም የሳቸው ነው። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ወደ ጎረቤቴ ዞሩ።

«ተራዬን ውሰጅው፤ እኔ ያንቺን እወስዳለሁ» አሏት።

እሷ እምቢ አለች። እጣ የእግዜር ነው፣ በኔ የተነሳ የእርስዎ ችግኝ ቢበላሽ በምን ዓይኔ አይዎታለሁ አለች። ሰውም ማጉረምረም ጀመረ፤ በኛ አገር እጣ ተነክቶ አያውቅም። እኔም ጨንቆኝ ወደ ቄሳችን አየሁ። ቄሱም፣ ማፍረስ ሌላ፣ ወዶ መለወጥ ሌላ ነው አሉ። ጎረቤቴ አሁንም አንገቷን ደፍታ እምቢ እንዳለች ናት። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ የኔ ባይሆን የበተንኩት ሦስት ጥማድ አለልኝ። አንቺ ምን አለሽ?»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገችና አለቀሰች። እኔም ሰው ሁሉ እያየኝ ተንሰቀሰቅኩ።

ሰኞ ሲነጋ ወረድን። ማንም ሳያዘው ከየቤቱ ሁለትም ሦስትም ሰው ወጣ፤ ሽማግሌው በዚያ ወገባቸው ገመዱን ይዘው ከማሳው ጫፍ ቆሙ። ያን ጥማድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ያን ዕለት ማንንም አላዘዝኩም፤ የሚያዘኝ ጠፍቶ ነው እንጂ እኔስ ለመታዘዝ ዝግጁ ነበርኩ። ነሐሴ ላይ ወንዙ እንደፈራነው ሞላ፤ የሷ ሩዝ ግን ሥር ይዞ ረዝሞ ነበርና ውሃው መጥቶ ሄደ። የሌላውን እንደ ወትሮው እየዘገየን በተራ ስንተክል የሽማግሌው ችግኝ መደቡ ላይ አርጅቶ ለከብት ሆነ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ በሬዬ አመስግኖሻል ብለው አሳቁኝ። እግዜር ዕድሜያቸውን ያርዝመው፤ ያን ነገር አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

በዓመቱ እጣውን ከዘር በፊት አወጣን፤ ሁሉም እንደየተራው በተለያየ ቀን ዘራ። አለቃነቱን ልተው ብዬ ደብተሩን ባስረክብ የሚቀበለኝ ጠፋ። አሁንም በኔው እጅ ነው ያለው፤ አሁንም እቆጣለሁ፣ ግን ቶሎ ይበርድልኛል።

በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ኅዳር ላይ የጎረቤቴን ሩዝ ስናጭድ ከጎኗ ሆንኩ። ዛላው ከብዶት አጎንብሷል፤ ልጆቿ ከኋላችን ነዶ ይከምራሉ። እያጨደች እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ እኮ ችግኙ ሲገረጣ አይቼ ነበር፣ እታለም። አንቺ ታውቂዋለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ማጭዴ እጄ ላይ ቀረ። ባልናገር ኖሮ እኔን አምና፣ ዝም ብላ ተራዋን እየጠበቀች ልጆቿን ጦም ታሳድር ነበር። መደበቅ አልቻልኩም፤ ሁለት ቀን ሙሉ እያወቅኩ ዝም ብዬሻለሁ፣ የጮህኩብሽም ያኔ ነው አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ያኔ በሰው ፊት ሳዋርዳት ያየችኝ አስተያየት አልነበረም።

«በሦስተኛው ተናገርሽ አይደል?» አለችና ወደ ማጨዷ ተመለሰች።