ትምህርቷ ተቋረጠ

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት የሱቅ ስምና የመኪና ታርጋ ነው። አዳማ ውስጥ ጋሪ ስነዳ አረጀሁ፤ ባጃጅ ሲበዛ ፈረሴን ሸጬ ቤት ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንግሊዝኛ ልታስተምረኝ የተነሳችው የልጅ ልጄ ናት። ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስትዘጋጅ ደብተሯን እኔን ታስይዘኝና በቃሏ ትወጣዋለች። እንደማይገባኝ ታውቃለች፤ ግን ሰው ፊት ካልተናገረችው ለእሷም አይገባትም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ፓሲቭ ቮይስ የሚባል አመጣች። እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ አጠገባችን ቁጭ ብላ ለቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ትለቅማለች።

ቀላል ነው አባባ አለችኝ። ልጁ መስኮቱን ሰበረ ከማለት መስኮቱ ይቀድማል፣ ዋዝ ይገባል፣ ግሱ ሦስተኛ መልኩን ይይዛል፤ "ዘ ዊንዶው ዋዝ ብሮክን" ይሆናል። መስኮቶቹ ብዙ ከሆኑ ዋዝ ቀርቶ ወር ነው። ልጁ ካስፈለገ መጨረሻ ላይ በባይ ይመጣል። ማን እንደሰበረው ካልታወቀ ወይም ካላስፈለገ ግን ይተዋል።

እዚህ ላይ ተጣላን። ሠሪ የሌለው ሥራ የት አየሽ አልኳት። ስንት ዓመት ሽምግልና ተቀምጫለሁ። በእኛ ሰፈር በዳይ ቆሞ በአፉ እኔ ነኝ ካላለ ማንም ይቅርታ አይለምንለትም። አንዴ ወደ ደራ በሚወስደው መንገድ ሰው የገጨ ባለባጃጅ "ሰውየው ተገጨ" ይለናል። ማን ገጨው ብለው፣ ባጃጁ አለ።

"አንተ ቤትህ ተኝተህ ባጃጁ ብቻውን ወጥቶ ነው?" አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱ ግን አለቀሰና እኔ ነኝ አለ።

"እሺ አባባ፣ ፈተናው ላይ ግን ሽማግሌ አይቀመጥም" ብላ ሳቀችብኝ። ቀጥላ ከቤታችን ነገር ምሳሌ ልትሠራ ፈለገች። የእናቷን ከሰባተኛ ክፍል መውጣት አነሳችና ጻፈች፤ "ማይ ማዘር ዋዝ ቴክን አውት ኦፍ ስኩል።" እናቴ ከትምህርት ቤት እንድትወጣ ተደረገች ማለት ነው አለችኝ።

"እማ፣ ባይ ማን ልበል?"

ልጄ ከሽንኩርቱ ቀና አላለችም። "ባይ አያቴ በዪ። እናቴ ናት ትቅርልኝ ያለችው።"

ሚስቴ እንዲህ አላለችም። አልጋ ስትይዝ ቤቱን የሚያይ፣ ሽንኩርት የሚሸጥ ሰው አስፈለገኝ። ሁለቱን ወንዶች ትምህርታቸው ላይ ትቼ፣ በትምህርት ከሁለቱም የምትሻለውን አስቀረኋት። በዚያ ሰሞን ከክፍሏ ጋር መልካሳ እርሻ ምርምር ሄዳ፣ ነጭ ጋዋን ለብሰው ዘር የሚመረምሩ ሰዎች አይታ መጥታ ነበር። እኔም እንደነሱ እሆናለሁ ትል ነበር። ሚስቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና ልጅቷን አታስቀርብኝ ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልኩ። ልጅቷ ስታለቅስ ደግሞ እናትሽ ናት ያለችው አልኳት፤ በታማሚ ላይ እንደማትጮህ አውቃለሁ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ትምህርቷ ተቋረጠ እል ነበር፣ መብራት ተቋረጠ እንደሚባለው። ሚስቴ ሞተችና ቀበርናት። ልጄን ያኔም አልመለስኳትም፤ ቤቱን ለምዳለች አልኩ።

የልጅ ልጄ ባይ ብላ መጻፍ ጀምራለች። ዝም ብል ያልፍ ነበር።

"ሰርዢው" አልኳት። "ባይ አባባ በዪ።"

ተነሳሁ። በዳይ ተቀምጦ አይናገርም። "ልጄ፣ እናትሽ አላለችም። አታስቀርብኝ ብላኝ ነበር። ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።"

እጇ ሽንኩርቱ ውስጥ ቆመ።

"እኔ እኮ አባዬ፣ ስትሞት እንኳ በወጉ አላለቀስኩላትም።"

የቀረውን ሳትለቅም ከነብስባሹ ጆንያው ውስጥ ከታ ገባች። የልጅ ልጄ ደብተሯን ከፊቴ ቀስ ብላ አነሳችው።

በእኛ ሽምግልና ተበዳይ ሦስት ጊዜ ይለመናል። በመጀመሪያው እሺ የሚል የለም። ሁለተኛውን ጠዋት ጆንያውን ሳሸክማት እላታለሁ ብዬ አደርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ካልደገፍኩላት አታነሳውም፤ ጠርታኝ ነው የምትሸከመው።

ተነስቼ ስወጣ በረንዳው ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ብቻ ቀርቷል። ጆንያውን ብቻዋን አንስታ ሄዳለች።