በሰም የተደፈነው ኮምፒዩተር

አጎቴን በሥራ ቦታቸው «ጋሼ ቁልፍ» ይሏቸዋል። የቧንቧ ዕቃ መጋዘን ኃላፊ ናቸው፤ አንዲት ብሎን እንኳ እሳቸው «ፈቅጃለሁ» ሳይሉ ከዚያ አትወጣም። ለመፍቀድ ደግሞ አይቸኩሉም። ሰውየው ብሎኗን ለምን እንደፈለጋት፣ አሮጌዋን የት እንዳደረሳት፣ ያለ ብሎን መኖር ይቻል እንደሆነ ሁሉ ይጠይቁታል። ቤታቸውም ያው መጋዘን ነው። የሪሞቱ ላስቲክ ከተገዛ ጀምሮ አልተላጠም። ሶፋው ላይ ጨርቅ አለ፣ ጨርቁ ላይ ላስቲክ አለ። ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ሊሾ አስደርገውታል፤ አፈር ካለ ውሃ ይሰርጋል፣ ውሃ ከሰረገ መሠረት ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ቤት አለኝ ማለት ቀረ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ፤ ይቺን ሳይሏት የሚመሽ ቀን የለም።

ኮምፒዩተሩም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ልጃቸው ተማሪ ሳለች የተገዛ ነው። እሷ አግብታ ስትወጣ፣ ቫይረስ የሚባለው ነገር በፍላሽ መሰኪያው በኩል እንደሚገባ አጎቴ ከሰው ሰሙ። ሌላ ሰው ቢሆን «እንግዲህ ፍላሽ አልሰካም» ብሎ ይተወዋል። እሳቸው ሻማ አቅልጠው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በሰም ደፈኗቸው። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ውሸት የለበትም። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይከፍቱታል፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሥዕል ትንሽ ያዩታል፣ ዘግተው ልብሱን ያለብሱታል። ለምን እንደሚከፍቱት ብጠይቃቸው እንዳይዝግ ነው አሉኝ።

ባለቤታቸው እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ሊሾው ሲፈስ አንዲት ጥግ ለጎመን ትቅርልኝ ብለው ለምነው ነበር። አይሆንም ተባሉ። ሆድ ይፍጀው ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ከዚያ ልጅየዋ መሳቢያ ውስጥ ጥላው የሄደችውን በእጅ የሚያዝ ጌም አገኙ። ውስጡ መንደር የሚያለሙበት ጨዋታ አለ፤ ይቆፈራል፣ ይዘራል፣ ውሃ ይረጫል፣ ይለቀማል። በአንድ መደብ ካሮት ጀመሩ። አሁን የፍራፍሬ ዛፍ፣ የንብ ቀፎ፣ የሚፈስ ወንዝ አላቸው። አንድ ኮሌታ ሰፍተው ቲማቲም ያጠጣሉ፣ አንድ እጅጌ ገጥመው አረም ይነቅላሉ። አጎቴ የሕፃን ጨዋታ ነው ይላሉ። ግን ከኮምፒዩተሩ አጠገብ እንዳይቀመጥ ከልክለዋል፤ ምን እንደሚያጋባ ማን ያውቃል።

ታዲያ ዘንድሮ የጌሙ ባትሪ አበጠ። አብጦም የኋላ ክዳኑን አስነሣው። ሞባይል ጠጋኙ አየውና ፊቱን አጨማደደ። መክፈቱን እከፍተዋለሁ፣ ግን ስከፍተው ውስጡ ያለው ቢጠፋ የለሁበትም፤ ይልቅ ቶሎ ብላችሁ ወደ ኮምፒዩተር ገልብጡት አለ። እኔ ተጠራሁ። የምሠራው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ በኛ ቤተሰብ ደግሞ ኪቦርድ የነካ ሁሉ ኢንጂነር ነው። ገመዴን ይዤ ሄድኩ፣ ኮምፒዩተሩን ልብሱን አስወልቄ አዞርኩት፣ ሰሙን አየሁት። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። አጎቴ አልሳቁም። የተደፈነ በምክንያት ነው የተደፈነው፣ አይከፈትም አሉ። ለአንድ ጌም ተብሎ ቤት አይበከልም።

እትዬ አልተቆጡም፣ አላኮረፉም፣ የስፌት መኪናውን ብቻ አቆሙት። እዚያ ቤት መኪናው ሳይጮኽ የዋለበት ቀን አላስታውስም። አጎቴ ዜናውን የሚሰሙት በመኪናው ድምፅ ላይ ነው፣ የሚያንቀላፉትም በሱ ነው። ዝምታው አላስቆም አላስቀምጥ አላቸው። አንድ ቀን መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ላድርግ ብለው ሱቃችን መጡ። መታወቂያቸውን ሳያወጡ «ሰሙ ቢነሣ ማሽኑ ይሞታል?» አሉኝ። እኔ እንጃ አልኳቸው፣ በሰም የተደፈነ ኮምፒዩተር ከርስዎ ቤት በቀር የት አይቼ።

ቅዳሜ ከሰዓት አጎቴ እኔን አስጠርተው፣ መርፌ ከእትዬ ተውሰው ተቀመጡ። ከመጀመሪያው ቀዳዳ ከሰሙ ጋር ብረቱም ተነቅሎ ወጣ። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ሁለተኛውን ምላሳቸውን ነክሰው፣ እያላባቸው፣ በመርፌ ጫፍ እየፈለፈሉ ንጹሕ አደረጉት። ገመዱን ሰካሁ። ኮምፒዩተሩ ስንት ዘመን ተለጉሞ ኖሮ «ቲን» አለ። «ሰማችሁ?» አሉ አጎቴ፣ ልጃቸው አፍ የፈታች ይመስል።

ወዲያው እትዬ እጅ ላይ ያለው ጌም ስክሪን ላይ ጽሑፍ መጣ። ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ይህ ኮምፒዩተር በውስጤ ያለውን እንዲገለብጥ ይፈቅዳሉ ወይ? ከሥሩ «ፍቀድ» እና «ከልክል» ይላል።

አጎቴ በልማድ «ፈቅጃለሁ» አሉ። ምንም አልሆነም።

«ጋሼ፣ እርስዎን አይደለም የጠየቀው» አልኳቸው።

እትዬ መነጽራቸውን አደረጉና እኔ ያነበብኩትን እንደገና ለራሳቸው አነበቡት። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ግቢው አዩ።

«ያቺ ጥግ» አሉ። «በፀሐይ መውጫ በኩል ያለችው። ሊሾዋ ይነሣልኝ።»

«ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

«ምንም አላገናኘውም። እዚህ ቤት ፈቃድ የጠየቀኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ላስብበት።»

አጎቴ ስለ ውሃ ተናገሩ፣ ስለ መሠረት ተናገሩ። እንደማያዋጣ ሲያዩ መለመን ጀመሩ፤ ባትሪው እኮ አብጧል፣ ይሄ ሁሉ የለፋሽበት አትክልት ገደል ሊገባ ነው አሉ።

«ይግባ» አሉ እትዬ። «እኔ መቼ ይሄን ፈለግሁ። አፈር ስላጣሁ ነው።»

በዚያ ጌም ስንቴ ቀልጄባቸዋለሁ። ጨዋታ ወደው ነበር የመሰለኝ።

አጎቴ ተቀመጡ። ከዚያ እንደ ብሎን ጠያቂ ይጠይቋቸው ገቡ። ጥጓ ለምን ትፈለጋለች? ስፋቷ ምን ያህል ይሁን? በሳምንት ስንቴ ውሃ ይፈስባታል? ያለ ጎመን መኖርስ አይቻልም? እትዬ ጣታቸውን «ከልክል» አጠገብ አቁመው ሁሉንም በእርጋታ መለሱ። ያለ ጎመን ኖሬ አይቼዋለሁ አሉ። አጎቴ «ፈቅ…» ብለው ጀመሩና ቃሉን ዋጡት።

«እሺ» አሉ።

ከሳቸው አፍ እሺ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እትዬ «ፍቀድ»ን ነኩ።

ጥጓን አጎቴ ራሳቸው በመዶሻና በመሮ አነሷት፤ ጠርዟን አስተካክለው፣ በገመድ ለክተው። ጎመኑ በቅሏል፣ ቲማቲሙም እየቀላ ነው። የስፌት መኪናው ይጮኻል። የጌሙን መንደር ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቼላቸው ነበር፤ እትዬ ግን ዞር ብለው አላዩትም። አጎቴ ንብረት ሜዳ ላይ ሲቀር አይወዱም፤ ከሥራ ሲመጡ የጌሙን አትክልት የሚያጠጡት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ የሠሩት ነገር መንደሩን ዙሪያውን ማጠር ነበር። የቀሩትን የኮምፒዩተር ቀዳዳዎች ሰም ዛሬም አልነኩትም።

በቀደም ስሄድ አጎቴ ከኮምፒዩተሩ ተነሥተው፣ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «እዚህ ዘንቧል፤ እዚያስ?» ይላሉ። እትዬ አፈር ላይ ተንበርክከው፣ ና እየው አሏቸው። አጎቴ ጫማቸውን ላስቲክ አልብሰው ወጡ፣ ሊሾው የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ደርሰው ቆሙ።

«ልግባ?» አሉ።

እትዬ ቀና ሳይሉ ለምን እንደፈለጉ ጠየቋቸው።